ከአልጋ እስከ ደጀ ሰላም

በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት ቅድስት ቤተ ክርስቲያን መጻጉዕን ታስባለች። 38 ዓመት ሙሉ ከአልጋው ጋር ተቆራኝቶ የኖረውን ያን ሕመምተኛ የጎዳው ደዌው ብቻ አልነበረም፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ደግፎ የሚያወርደው ሰው ማጣቱም ጭምር እንጂ።

ዘንድሮ በዚሁ ሰንበት አንዲት ወይዘሮ ከአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ተነሥተው አዲስ አበባ ገቡ። ያመጣቸው የበዓል ናፍቆት ሳይሆን አልጋ ላይ የቀሩት እናታቸው ናቸው። እኛም በሆሣዕና ማግስት በእናታቸው ቤት ተገኝተን አነጋገርናቸው። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልወደዱ ፈቃዳቸውን ጠብቀናል።

የወይዘሮዋ ሙያ በአገራችን እምብዛም አይታወቅም። በአረጋውያን መጦሪያ፣ በዚያ «ነርሲንግ ሆም» በሚባለው ቤት፣ የፊዚካል ቴራፒ ረዳት ናቸው። በዚያ አገር ደንብ ሕመምተኛውን መርምሮ የሕክምናውን ዕቅድ የሚነድፈው ፊዚካል ቴራፒስቱ ሲሆን፣ ዕቅዱን ይዞ ከሕመምተኛው ጋር ዕለት ዕለት የሚደክመው ረዳቱ ነው። ለዚህም ሁለት ዓመት ያህል ኮሌጅ መማር፣ አገር አቀፍ ፈተና ማለፍና የግዛቱን የሥራ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። የሙያው የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶች በማያሚና በሚኒያፖሊስ የተከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ወይዘሮዋም እንደ ብዙዎቹ በዚያ እንደሚኖሩ ወገኖቻችን አስቀድመው የነርስ ረዳት ሆነው አረጋውያንን ሲያጥቡና ሲያለብሱ ከቆዩ በኋላ፣ ማታ ማታ ተምረው ነው ወደዚህ ሥራ የተሸጋገሩት።

«ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ አረጋውያንን ማንሣት ነው እላለሁ» አሉን። «ነገር ግን እኔ ተሸክሜ ካነሣኋቸው ሥራዬን አልሠራሁም ማለት ነው። ቁም ነገሩ ራሳቸው እንዲነሡ ማድረጉ ላይ ነው።»

ማለዳ ሥራ ሲገቡ ዳሌያቸው ተሰብሮ የተጠገነላቸው፣ ስትሮክ አንድ ጎናቸውን ያደከመባቸው፣ ከረጅም ሕመም በኋላ ጉልበት የከዳቸው አረጋውያን ይጠብቋቸዋል። በር አንኳኩተው፣ ፈቃድ ጠይቀው ይገባሉ። ሕመምተኛው በመጀመሪያ በአልጋው ጠርዝ ላይ እግሩን መሬት አስነክቶ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል፤ ተኝቶ የቆየ ሰው ድንገት ሲነሣ የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊያዞረው ይችላልና። ቀጥሎ የማያንሸራትት ጫማ ይደረግለታል፤ ወገቡ ላይም ሰፊ ቀበቶ ይታሰራል። ረዳቷ የሚይዙት ክንዱን ሳይሆን ቀበቶውን ነው። ከዚያም እግሩን ወደ ኋላ ሰብስቦ፣ ደረቱን ወደ ፊት አዘንብሎ፣ የተቀመጠበትን በእጁ ገፍቶ እንዲነሣ ይነገረዋል። የመጀመሪያው ቀን ድል መቆም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የማግስቱ ሦስት እርምጃ፣ የሳምንቱ እስከ በሩ መድረስ።

ደረጃ መውጣትና መውረድን ለማስተማርም በሙያው ውስጥ የቆየ አባባል አለ፤ ደጉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ክፉው ወደ ታች ይወርዳል ይላሉ። ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ ደግሞ የታመመው። «መጀመሪያ ስሰማው ስብከት መስሎኝ ነበር» ብለው ወይዘሮዋ ሳቁ።

በዚያ ቤት ታዲያ ጊዜም ሒሳብ አለው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተደነገገው ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን፣ በሆስፒታል ቢያንስ 3 ቀን ተኝቶ ለወጣ ሰው በእንዲህ ያለ ቤት የሚከፍለው ቢበዛ ለ100 ቀን ነው፤ ከ21ኛው ቀን ጀምሮም ሕመምተኛው ድርሻውን ያዋጣል። ስለዚህ ረዳቷ እርምጃ ሲቆጥሩ ቀንም ይቆጥራሉ።

ከሁሉ የከበዳቸው ግን እ.ኤ.አ. የ2020 ዓመት ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ከመጋቢት ወር ጀምሮ ጠያቂ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ልጆች በመስኮት መስታወት ውጭ ቆመው ወላጆቻቸውን በእጅ ምልክት ሰላም አሉ። በር በር ተዘግቶባቸው የከረሙ አረጋውያን ይራመዱ የነበሩት መቆም ተሳናቸው። «የሰው ናፍቆት ጉልበት እንደሚያስር ያየሁት ያን ጊዜ ነው» ብለውናል።

ይህን ሁሉ የሚያውቁት ወይዘሮ በገዛ ቤታቸው ተፈተኑ። እናታቸው በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ግቢ ውስጥ አንሸራትቷቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ገብተው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ሲወጡም ባለአራት እግር መደገፊያ ይዘው በየቀኑ እንዲራመዱ ተነግሯቸው ነበር። ቤት ሲደርሱ ግን ልጁም ጎረቤቱም «ይረፉ» አለ። ምግቡም ውኃውም አልጋቸው ድረስ መጣላቸው። ወይዘሮዋም በስልክ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ዛሬም ያንገበግባቸዋል።

«እኔ እስክመጣ እንዳትነኳት አልኩ። በሥራዬ ላይ አንድ ቤተሰብ እንዲህ ቢለኝ ቁጭ አድርጌ አስረዳው ነበር። እናቴ ስትሆን ግን የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ፤ ዳግመኛ ትወድቃለች ብዬ ፈራሁ። የሰው እናት ሳቆም ኖሬ የራሴን እናት በስልክ አስተኛኋት።»

እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ሕግ መሠረት ያለ ደመወዝ የሚሰጠውን የቤተሰብ ማስታመሚያ ፈቃድ ወስደው ሲደርሱ፣ የእናታቸው ጭን ሟሙቶ፣ ተረከዛቸው መቅላት ጀምሮ አገኟቸው። ረዳት ያለ ዕቅድ አይሠራምና አስቀድመው የሆስፒታሉን ፊዚዮቴራፒስት አማከሩ። እናት ግን አሻፈረኝ አሉ። «ልጄ፣ እግዜር ያስተኛኝን አንቺ ልታስነሺኝ ነው?»

ወይዘሮዋ አልተከራከሩም። ሕመምተኞቻቸውን ሁሉ የሚጠይቁትን ጠየቁ፦ «እማዬ፣ ብትነሺ ምን ማድረግ ትፈልጊያለሽ?» እናትም ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ደጀ ሰላሙን መሳለም» አሉ። ያን ጊዜ ሥራው ተጀመረ። በደብረ ዘይት ሰንበት ቆሙ። በገብር ኄር ከመኝታ ቤቱ በር ደረሱ። በኒቆዲሞስ ግቢውን ዞሩ። በሆሣዕና ዕለት ደግሞ የውጭው በር ላይ ቆመው፣ ከቅዳሴ ከሚመለስ የጎረቤት ልጅ እጅ ዘንባባ ተቀበሉ።

የቀረ አንድ ነገር ነበር። እናት በብረት መደገፊያ ቤተ ክርስቲያን መግባት አፈሩ። ልጅ ግን «ካህናቱስ መቋሚያ ይዘው አይደል የሚቆሙት?» ብትላቸው ፈገግ አሉ። እኛ በተገኘንበት ሰዓት በትንሣኤ ሌሊት እስከ ቅጽሩ በመኪና ሊሄዱ፣ ከቅጽሩ እስከ ደጀ ሰላሙ ግን በእግራቸው ሊሞክሩ ተማክረው ነበር። ይሳካ አይሳካ እንደ ጉልበታቸው ነው።

ወይዘሮዋ ለቤተሰብ ሁሉ የሚመክሩትን እናስተላልፋለን። ሐኪም ካልከለከለ በቀር አረጋዊን አልጋ ላይ አታቆዩ፤ በቀን ደጋግሞ ይቀመጥ፣ ይቁም። ለመነሣት ለሚቸገር ዝቅተኛ በርጩማ ትታችሁ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ስጡ። ስትሮክ የመታውን ሰው በደከመው ክንዱ አትሳቡት፤ ትከሻው ይጎዳል። ምርኩዝ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። ፈጽሞ መነሣት ያልቻለውንም በየ2 ሰዓቱ ጎኑን ለውጡለት፤ የመኝታ ቁስል ፈጥኖ ይመጣልና።

ወይዘሮዋ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ማን ይረከባቸዋል ብለን ስንጠይቅ፣ የ16 ዓመቷ የእህታቸው ልጅ ቀበቶውን አንሥታ አሳየችን። አያቷን ከወንበር ስታስነሣም አየናት፤ ክንዳቸውን አልሳበችም፤ ቀበቶውን ይዛ ጠበቀቻቸው።

በዚህ በዓል በየቤቱ ጓዳ የተኙ አባቶችና እናቶች አሉ። ገበታው ሲቀርብ ድርሻቸውን ወደ አልጋቸው ከመላካችን በፊት፣ ደግፈን ከማዕዱ ዙሪያ ልናስቀምጣቸው እንችል እንደሆነ እንጠይቃቸው። ሰው ያላቸው መሆኑን በዚያ ይወቁ።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንልን።