ከማር የሚበልጠው የንብ ሥራ

የዋግ ነጭ ማር ስሙ ከሰቆጣ አልፎ በሩቅ ገበያም ይጠራል። በደሃና ወረዳ፣ በአምደወርቅ ዙሪያ ግን ንብ ለገበሬው ከማር የሚበልጥ ውለታ ትውላለች፤ ከአበባ አበባ ስትዞር ብናኝ ታደርሳለች፣ አበባውም ፍሬ ይይዛል። ባለሙያዎች ርክበ ብናኝ ይሉታል።

ሁሉም ሰብል ንብ አይሻም። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ በራሳቸው ብናኝ ያፈራሉ፤ በቆሎም ነፋስ ይበቃዋል። ባቄላ ለየት ይላል። ጥቁር ነጥብ ያለበትን ነጭ አበባውን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ወንዴና ሴቴ ክፍሎቹ ከታችኛው እጥፋት ውስጥ ተሸሽገዋል። ንቧ ስታርፍ እጥፋቱ በክብደቷ ዝቅ ይላል፤ የተሸሸገው ብቅ ብሎ ሆዷን በዱቄት ይቀባዋል። ያንን ይዛ ወደ ቀጣዩ አበባ ትሄዳለች። ባቄላ ያለ ንብም ያፈራል፤ ንብ ሲያዘወትረው ግን ምርቱ ይጨምራል። ኑግማ ያለ ነፍሳት ፍሬው አይሞላም።

ሥራው የማር ንብ ብቻ አይደለም። መሬት ውስጥ የምትኖረው፣ የማትናደፈው ጣዝማ አለች፤ ደረቅ እንጨት የምትበሳው ትልቋ ጥቁር ንብ አለች፤ ዝንብና ቢራቢሮም አሉ። የእሬትን ቀይ አበባ ደግሞ ቀጭን ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ወፎች ይጎበኙታል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ የባምባ ዛፍ ነገር ነው። አበባው የሚያብበው ፍሬ በምንለው እንቡጥ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ አይታይም። ከትንኝ የማትተልቅ ሴት ተርብ በጠባብ ቀዳዳ ተጨናንቃ ትገባለች፤ ክንፏ እዚያው ይቀራል። ይዛ የመጣችውን ብናኝ አራግፋ፣ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። ከእንቁላሉ የሚወጡት ወንዶች ክንፍ የላቸውም፤ ለእህቶቻቸው መውጫ ቦርቡረው ሕይወታቸው ያልፋል። ሴቶቹ ብናኝ ጭነው ሌላ ባምባ ፍለጋ ይበርራሉ። ያቺ ተርብ ባትኖር ባምባ ዘር አይተካም ነበር።

ለእነዚህ ነፍሳት አንዱ ትልቅ ሥጋት አበባ በፈነዳበት ማሳ ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚረጭ ፀረ ተባይ ነው። መርጨት ግድ ከሆነ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ አመሻሹ ላይ ይሁን፤ ባለ ቀፎ ጎረቤትም ቀድሞ ይነገረው። ከንክኪ ነፃ የተደረጉት ተራሮች ደግሞ ትልቅ ተስፋ ናቸው። ከብት ሲከለከል ቁጥቋጦው ያገግማል፤ ክረምቱ ሲወጣ ያብባል። በብዙ ቦታ መሬት የሌላቸው ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ቀፏቸውን በእነዚህ ተራሮች ላይ ያኖራሉ፤ ንቦቹም ከግርጌ ወዳለው የባቄላ ማሳ ይወርዳሉ።