ስፖርት፣ የወጣቶች አንጎልና መጠጥ

የሰው አንጎል ዕድገቱን የሚጨርሰው ቁመት መጨመር ካቆመ ከዓመታት በኋላ፣ በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። ክፍሎቹም እኩል አይበስሉም። ደስታን የሚያሳድደው ክፍል በጉርምስና ቀድሞ ይነቃል፤ መዘዝን አስቦ ስሜትን የሚገታው፣ ከግንባር በስተጀርባ ያለው ክፍል ግን ዘግይቶ ይደርሳል። ብዙ ሰው መጠጥ የሚጀምረው በዚህ መሀል ነው።

አብዝተው በሚጠጡ አፍላ ወጣቶች ላይ የተደረጉ የአንጎል ምስል ጥናቶች፣ ለመማርና ለማስታወስ ዋና የሆነው ሂፖካምፐስ ከማይጠጡት እኩዮቻቸው አንሶ እንደሚታይ አመልክተዋል። በአሜሪካ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት ደግሞ ከ15 ዓመታቸው በፊት መጠጣት የጀመሩ ሰዎች፣ እስከ 21 ዓመታቸው ከቆዩት ይልቅ ለአልኮል ሱስ የመጋለጥ ዕድላቸው 4 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ለልዩነቱ ምክንያቱ ቀድሞ መጀመር ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ዘርና የቤተሰብ ኑሮም ድርሻ አላቸው።

የአካል ብቃት እንቅስቃሴ በአንጎል ላይ የሚያደርገው በተቃራኒው ነው። ልብ በፍጥነት ሲመታ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ ቢዲኤንኤፍ የተባለው፣ የነርቭ ሴሎችን የሚያበረታና እርስ በርስ የሚያያይዝ ፕሮቲንም ይበዛል። በ2011 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 120 አረጋውያን በሁለት ተከፈሉ። ለአንድ ዓመት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ያደረጉት ሂፖካምፐሳቸው 2 በመቶ ያህል ሲጨምር፣ ሰውነታቸውን ብቻ ያፍታቱት ግን ቀነሰባቸው። በልጆችና በወጣቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም በትኩረትና ራስን በመግታት ረገድ መጠነኛ መሻሻል አሳይተዋል።

ይህ ሁሉ መጠጥን ሊቀንስ የሚችለው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ እንቅስቃሴም አልኮልም ዶፓሚን የተባለውን የደስታ ንጥረ ነገር ስለሚነኩ አንዱ የሌላውን ቦታ ሊይዝ ይችላል። ሁለተኛ፣ ስፖርት ጭንቀትንና ድብርትን ያቀላል፤ ብዙ ወጣት ወደ መጠጥ የሚሄደው እነዚህን ለመርሳት ነው። ሦስተኛ፣ ራሱን መግታት የለመደ ሰው ጓደኞቹ ሲገፋፉት እምቢ ማለት ይቀለዋል። መሮጫ ጎማ በተሰጣቸው አይጦች ላይ የተደረጉ አንዳንድ ሙከራዎች የአልኮል ፍላጎታቸው መቀነሱን አሳይተዋል፤ ሌሎች ግን ይህን አላገኙም።

በሰው ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርተኞች ከሌሎች ተማሪዎች ይልቅ በአንድ ጊዜ አብዝተው የመጠጣት ልማድ ይታይባቸዋል። ድል በመጠጥ ሲከበር፣ ሽንፈትም በመጠጥ ሲረሳ፣ ሜዳ ላይ የተገኘው ጥቅም ማታ መጠጥ ቤት ይቀራል።

የስፖርቱ ዙሪያ ሲስተካከል የሚገኘውን ውጤት አይስላንድ አሳይታለች። በ1998 እ.ኤ.አ. ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው የአገሪቱ ልጆች 42 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ሰክረው እንደነበር ተናግረው ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 5 በመቶ ወረደ። በመካከሉ መንግሥት ልጆችን ወደ ስፖርት፣ ሙዚቃና ሥነ ጥበብ ክበባት ለማስገባት ገንዘብ መደበ። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ብዙ ጊዜ እንዲያሳልፉ ተበረታቱ፤ ልጆችም ማታ ከቤት ውጭ የሚቆዩበት ሰዓት ተገደበ። አልኮል ከ20 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ ሕጉ ይከለክላል። ተመራማሪዎች እዚያው ባደረጉት ጥናት፣ አሠልጣኝ ባለበት ክበብ ስፖርት የሚሠሩ ልጆች መጠጥ ሲቀንሱ፣ ያለ ተቆጣጣሪ የሚጫወቱት ዘንድ ግን ይህ አልታየም።

በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ይሁን እንጂ ጠላና ጠጅ በበዓልና በድግስ ከቤት ስለሚቀርቡ ሕጉ ብቻውን አይበቃም፤ የወላጅና የአሠልጣኝ ምሳሌነት ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመጠነኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ፣ ለአዋቂዎች ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ገመድ መዝለል፣ ኳስ መጫወትና ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃሉ። በሱስ የተያዘ ሰው ግን በስፖርት ብቻ አይድንም። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥና የሚጥል ሕመም ሊደርስበት ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይኖርበታል፤ እንቅስቃሴው ከሕክምናው ጋር የሚሄድ ድጋፍ ነው።