ምዕራፍ አምስት፦ ፊት የሚዞርለትና ፊት የሚዞርበት

«ዞረ»፣ «ተመለሰ»፣ «ታጠፈ» እና «አዘነበለ» የተባሉትን ግሦች በእኩል ምልክት አያይዞ «ተመሳሳይ ቃላት» የሚል ርእስ መስጠት ተማሪን ማስተማር ሳይሆን ማሳሳት ነው፤ አራቱም የአቅጣጫን ወይም የሐሳብን ለውጥ ይናገሩ እንጂ ስለ ተነሺው፣ ስለሚተወው ቦታና ስለ መድረሻው የሚያስታውቁት ነገር ፈጽሞ የተለያየ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ልዩነቱን በጆሮው ያውቀዋል፤ ያጣው የሚያስረዳው ሰው ነው።

«ወደ ንግድ ተመለሰ» የተባለ ሰው ቀድሞ ነጋዴ የነበረ ነው፤ «ወደ ንግድ ዞረ» የተባለው ግን ሚዛን ጨብጦ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። «ተመለሰ» የኋላ ታሪክን በጀርባው አዝሎ የሚመጣ ግሥ በመሆኑ፣ ታሪክ በሌለበት ቦታ ሲገባ ዐረፍተ ነገሩን ሐሰተኛ ያደርገዋል። ከአካል ክፍል ጋር «መለሰ» ሲባል ግን ይህ ግዴታ ይላላል፤ «ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ» ለማለት ሰውየው ቀድሞ ግድግዳ ሲያይ መቆየት አይኖርበትም። «ታጠፈ» ደግሞ ከጨርቅ የመጣ ጠባይ አለው፤ መንገድ ሲታጠፍ ቀጥታነቱን ይተዋል እንጂ አይቋረጥም፣ ቃሉን ያጠፈ ሰውም አዲስ ቃል አልሰጠም፣ የሰጠውን በራሱ ላይ ደረበው እንጂ፤ «እጥፍ» ሁለት ጊዜ ማለት የሆነውም ከዚሁ መደረብ ነው። «አዘነበለ» እግሩን ካለበት አያነሣም፤ ስለዚህ ወደ አንድ ሐሳብ ያዘነበለን ሰው «ሐሳቡን ለወጠ» ብሎ መዘገብ ያላደረገውን አደረገ ማለት ነው።

ዋናው ጉዳይ ያለው «ዞረ» ላይ ነው። መሠረታዊ ፍቺው ክብ መንገድ ነው፤ ታቦት ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ሲዞር የሚፈጸመው ሥርዐት በግእዙ «ዑደት» የሚባለው «ዖደ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ተወልዶ ነው፤ «ዐውደ ዓመት» የሚለው ስምም ዓመት ዞሮ መምጣቱን የሚናገር የዚሁ ግሥ ልጅ ነው። በአማርኛው በኩል ከዘ፣ ወ እና ረ የተሠራው ቤተሰብ ሰፊ ነው፦ ዙር፣ ዙሪያ፣ የሠራተኛ ዝውውር፣ ገንዘብ ማዘዋወር፣ በቀጥታ ያልተነገረውን የሚያመለክተው «በተዘዋዋሪ» ሁሉ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ክብ ደግሞ በራሱ ወደ የትም አያደርስም። «ዞረ» ብቻውን ሲቆም እንቅስቃሴ እንጂ አቅጣጫ የለውም፤ አቅጣጫውን የሚሰጡት በዙሪያው ያሉት ትንንሽ ቃላትና ምዕላዶች፣ ማለትም ከቃል ጋር ተጣብቀው ፍቺ የሚጨምሩ ቁራጮች ናቸው።

ይህን ለመረዳት ከእርሻ የተሻለ ምሳሌ የለም። ግሡ በሬ ነው፤ ትልሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ መዞሩ አይቀርም፣ ወዴት እንደሚዞር የሚወስነው ግን እርፍ የጨበጠው እጅ ነው። መስተዋድዶቹ «ወደ» እና «ከ» ያ እጅ ናቸው፤ አንዱ ወደሚታረሰው ይገፋል፣ ሌላው ከታረሰው ያርቃል። «ፈር ለቀቀ» የሚለው አነጋገር ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ ፈሩን የለቀቀ ዐረፍተ ነገር በሬው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይቀናም።

የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ የአንድ ማኅበር መጽሔት ሲያርም «ማኅበራችን ፊቱን በወጣቶች ላይ አዙሯል» የሚል ዐረፍተ ነገር አጋጥሞት ነበር። ጸሐፊው ማኅበሩ ለወጣቶች ማሰብ መጀመሩን ሊያበሥር ፈልጎ ነበር፤ የተጻፈው ግን ማኅበሩ ወጣቶቹን መጥላቱን ነው። አዘጋጁ «በወጣቶች ላይ» የሚለውን «ወደ ወጣቶች» ብሎ ሲያርመው ጸሐፊው «ምን ልዩነት አለው? ያው ማዞር ነው» ሲል ተከራከረ። ይህ ሰው ጥፋተኛ አይደለም፤ ጥፋተኛው ቃላትን ከመስተዋድዳቸው ነጥሎ ያስጠናው መልመጃ ነው። «ዕድል ፊቷን አዞረችለት» እና «ዕድል ፊቷን አዞረችበት» የሚሉትን ማነጻጸር ብቻ ለማስረዳት በቂ በሆነ ነበር፤ ፊቷም አንድ፣ ማዞሯም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ለጥቅም የሚገባው «ለ» ሰውየውን ባለጸጋ ሲያደርገው ለጉዳት የሚገባው «በ» ለማኝ ያደርገዋል። ፊቱ በአካል ወዴት እንደ ዞረ በሁለቱም ቦታ አልተነገረም፤ አንባቢው የሚያውቀው ከአንዲት ፊደል ነው።

ከዚሁ ጋር መነሣት ያለበት ክርክር አለ። «ትኩረቱን ወደ እገሌ አዞረ» የሚለውን የዘመኑን አነጋገር አንዳንዶች ስሕተት ይሉታል፤ «አተኮረ» ዐይንን በአንድ ቦታ መትከል ስለሆነ የተተከለ ነገር አይዞርም ይላሉ። ክሱ ደካማ ነው፤ የተተከለ ዐይን ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሊተከል ይችላል። እውነተኛው ጉዳት ስሕተቱ ሳይሆን ድህነቱ ነው፤ ይህ አንድ ሐረግ በዜናውም፣ በሪፖርቱም፣ በንግግሩም ቦታውን ሁሉ ሲይዝ የበለጠ የሚናገሩትን አነጋገሮች አባረራቸው። «ልቡ ሸፈተ» ሲባል ልብ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንደ ሽፍታ ጫካ ገብቷል። «ቀልቡን ሳበው» ሲባል አድራጊው ከውጭ ያለው ነገር ነው፤ «ቀልብ» ልብ ማለት የሆነ የዐረብኛ ቃል ሲሆን፣ የሚጻፍባቸው ሦስት ሥር ፊደላት በዚያው ቋንቋ መገልበጥንና ማዞርንም ይናገራሉ። «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» የተባለው ሰው ሰምቶ፣ ዐውቆ፣ ፈቅዶ ተወ። «አስቀየሰ» ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው አለ፤ ቀያሽ መሬት ለክቶ መስመር የሚያወጣ ባለሙያ እንደ ሆነ ሁሉ፣ አስቀያሹ አዲስ መንገድ አዘጋጅቶ ሌላውን ያስኬድበታል፣ ተጓዡም መንገዱን ራሱ የመረጠ ይመስለዋል። ተጠያቂው ልብ ነው፣ የሳበው ነገር ነው፣ ሰውየው ነው ወይስ አስቀያሹ? አማርኛ ለእያንዳንዱ የተለየ ግሥ ሲኖረው «ትኩረቱን አዞረ» ጥያቄውን ሳይመልስ ያልፋል።

ተሰማ ሀብተ ሚካኤል በ1951 ዓ.ም.፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. ትልልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አበርክተዋል። ከእነርሱ በኋላ የሚመጣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅና የቋንቋ መምህር «አዞረ» የሚለውን ግሥ ያለ «አዞረለት» እና ያለ «አዞረበት» ለብቻው አያስፍር።