ልጅ በክረምት ምን ይረሳል? ስለ ሐምሌና ነሐሴ የሚነገሩ ተረቶችና እውነታው

የሰኔ ፈተና አልቆ፣ የወላጆች ቀን ተከብሮ፣ ካርድ እጅ ሲገባ በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። አባት «ሁለት ወር ሙሉ ሲሮጥ ከሚውል ማጠናከሪያ ይመዝገብ» ይላል። እናት «ዓመቱን ሙሉ የለፋ ልጅ ነው፣ ትንሽ ይረፍ እንጂ» ትላለች። አያት ደግሞ ከተቀመጡበት ሆነው «እኛ ክረምቱን ጥጃ ስንጠብቅ አይደል እንዴ ያደግነው? ምን ሆንን?» ይላሉ። ሦስቱም የእውነት ድርሻ አላቸው። ከሦስቱም ጋር ተያይዘው የሚነገሩ አንዳንድ አባባሎች ግን ልጆቻችንን ይጎዳሉ፤ ሐምሌ ሳይገባ ለይቶ ማየት ይገባል።

ተረት፦ «ልጅ በክረምት የተማረውን ሁሉ ይረሳል»

ሁሉንም አይረሳም። በዚህ ጉዳይ በብዛት የሚጠቀሰው ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ 39 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ የአሜሪካ ተማሪዎች ውጤት ከረጅሙ ዕረፍት በኋላ በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል ዝቅ ብሎ አገኙት። በይበልጥ የተጎዱት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ የሒሳብ ስሌትና የቃላት አጻጻፍ። ምክንያቱ ብዙ አያስቸግርም። ንባብ መንገድ ላይም፣ ታክሲ ላይም፣ ስልክ ላይም ይገኛል። ማባዛትና ቃልን አስተካክሎ መጻፍ ግን እጅ ካልሠራቸው ይዝጋሉ።

ኋላ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ፖል ቮን ሂፕል የተባለ ተመራማሪ የቀድሞዎቹን መረጃዎች በአዳዲስ ፈተናዎች ከተገኙት ጋር አስተያይቶ፣ የመርሳቱ መጠን እንደ ፈተናው ዓይነት በጣም እንደሚለያይና አንዳንዱ ስጋት የተጋነነ እንደሆነ ጽፏል። በአንድ ነገር ግን እሱም አይከራከርም፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጆች የመማር ፍጥነት በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ወላጅ መደንገጥ የለበትም፣ መዘናጋትም የለበትም። ጥቂት ነገር፣ በየቀኑ፣ በተለይ በስሌትና በጽሕፈት ላይ ቢሠራ ይበቃል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ መርሳት ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ ጊዜ ከታጨቀ ጥናት ይልቅ በቀናት ተከፋፍሎ የተደገመ ነገር በልብ ይቆያል። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት አስቀምጦ ከማስጨነቅ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይሻላል።

ተረት፦ «ማጠናከሪያ ያልገባ ልጅ ወደ ኋላ ይቀራል»

የሚወሰነው በማጠናከሪያው ነው። ልጁ ያልገባው አንድ ነገር ታውቆ፣ እሱን የሚሞላ ከሆነ ገንዘቡ ይገባዋል። የመጪውን ክፍል መጽሐፍ ቀድሞ ለማገባደድ የሚሮጥ ከሆነ ግን፣ እኔ እስከሚገባኝ፣ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። የማባዛት ሠንጠረዥ ያልተዋሐደው የአራተኛ ክፍል ልጅ የአምስተኛ ክፍልን ክፍልፋይ በክረምት ቢሰማው ግራ ከመጋባት በቀር የሚያተርፈው የለም። በዚያ ላይ መስከረም ሲጠባ ትምህርቱ ደግሞ የተሰማ ወሬ ይሆንበታል፤ ልጁ አውቀዋለሁ ብሎ ጆሮውን ይነሣል።

ተረት፦ «ጨዋታ ጊዜ ማባከን ነው»

ከሁሉም ይበልጥ ሊታረም የሚገባው ይህ ነው። ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ትንንሽ ልጆችን ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተጻፈባቸው ተከታታይ ሣጥኖች ላይ አጫወቱ። ጨዋታው በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ነበር። ልጆቹ ቁጥርን በመለየት፣ በመቁጠርና የትኛው እንደሚበልጥ በማወቅ ተሻሻሉ፤ ለውጡም ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ አልጠፋም። ሣጥኖቹ ላይ ቀለም ብቻ ያለበትን ጨዋታ የተጫወቱት ልጆች ግን ያን ለውጥ አላገኙም።

እኛ ዘንድ ሣጥኑ ደጃፍ ላይ አለ። ሰኞ ማክሰኞ የሚዘልሉ ልጆች ጠመኔ ይዘው በየሣጥኑ ቁጥር ቢጽፉበት፣ «አራት ላይ ነኝ፣ ሦስት ስጨምር የት እደርሳለሁ?» ቢባባሉ፣ ጨዋታው ሳይበላሽ ሒሳብ ይሆናል። ገበጣ የሚጫወት ልጅም የመጨረሻው ጠጠር የት ጉድጓድ እንደሚያርፍ ሳያነሣ በልቡ ይቆጥራል። እንቆቅልሽ ደግሞ ነገርን ከነገር አመሳስሎ ማሰብን ያስተምራል።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ሆያ ሆዬ የጨፈሩ አምስት ልጆች አሥራ ሰባት ሙልሙል ቢያገኙ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ደርሶ ሁለት ይተርፋል። አሁን ክርክሩ ይጀመራል። «ለትልቁ ይሰጥ»፣ «ዜማ ላወጣው ይሰጥ» ይባላል። እዚህ ላይ ትልቅ ሰው ገብቶ ባያካፍላቸው ደስ ይለኛል። ሁለቱን ሙልሙል እያንዳንዱን ለአምስት ቆርሰው፣ ከእያንዳንዱ አንዳንድ ቁራሽ ሲወስዱ፣ ሁለት አምስተኛ ማለት ምን እንደሆነ በእጃቸው ዳሰሱት። መስከረም ላይ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው አዲስ አይሆንባቸውም። የተሰበሰበውን ብር ማን መዘገበ፣ ስንት መጣ፣ ስንት ወጪ ሆነ የሚለውም እንዲሁ ነው።

ዝናቡ ራሱ አስተማሪ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ አናቱን ቆርጦ፣ የተቆረጠውን ገልብጦ እንደ ማጥለያ መልሶ መሰካት ነው። የጠርሙሱ መቀመጫ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ጨምሮ፣ ጠጠሩ እስኪሸፈን ውኃ ሞልቶ፣ ከውኃው ልክ ዜሮ የሚጀምር ማስመሪያ በጎኑ መለጠፍ ያስፈልጋል። ከዚያ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ ብሎ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ልጁ በየጠዋቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ አንብቦ፣ በደብተሩ መዝግቦ፣ ውኃውን ወደ ዜሮው ይመልሳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የቤቱ ቆርቆሮ 40 ካሬ ሜትር ከሆነና ሌሊቱን 12 ሚሊ ሜትር ከዘነበ፣ ጣሪያው 480 ሊትር ተቀብሏል ማለት ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሁለት ሞልቶ 80 ሊትር ይተርፋል። ይህን ያሰላ ልጅ ማባዛትን፣ መለካትንና መመዝገብን አብሮ ተለማመደ። ነሐሴ ሲያልቅ ደግሞ ማንም መጽሐፍ ውስጥ የማያገኘው የራሱ መዝገብ ይኖረዋል።

ተረት፦ «ካልሸለሙት አያነብም»

«ይህን መጽሐፍ ከጨረስክ ብስክሌት እገዛልሃለሁ» ማለት የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን መርጠው ለአንዳንዶቹ «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ሌሎቹ ምንም ቃል አልተገባላቸውም፤ ከእነሱም ከፊሎቹ ሥለው ሲጨርሱ ሳይጠብቁት ተሸለሙ። ከሳምንት በላይ ቆይቶ ቀለሙ በነፃ ሲቀርብላቸው፣ ሽልማት ተስፋ ተደርጎላቸው የነበሩት ለሥዕል የሰጡት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም።

ልጅ የወደደውን ነገር ዋጋ ስንተምንበት ሥራ ይሆንበታል። በዋጋው ፈንታ ምርጫ እንስጠው። አዲስ አበባ ላሉ፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ልጅን ይዞ ሄዶ «የፈለግኸውን አንሣ» ለማለት ይመቻል። ስለ ኳስም ይሁን ስለ ጅብ፣ የመረጠው መጽሐፍ የእሱ ነው። ሳይጨርስ ቢመልሰው ቁጣ አያስፈልግም፤ ሌላ ያንሣ።

ተረት፦ «እኔ አልተማርኩም፣ ልጄን ምን ላግዘው?»

ይህን የሚሉ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው፣ አባባሉም ያሳዝነኛል፤ የሚችሉትን ትልቅ ነገር ይሰውርባቸዋልና። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ። ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፣ ከፊሎቹ ወረቀቱን ዘግተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከሳምንት በኋላ ደግመው ያነበቡት 42 ከመቶ ሲያስታውሱ፣ ዘግተው ያስታወሱት 56 ከመቶ አስታወሱ። ታዲያ ልጅ መጽሐፉን ዘግቶ እንዲያስታውስ የሚያደርገው ምንድን ነው? የሚጠይቀው ሰው መኖሩ ነው። ቡና እየቆላች «እስቲ ዛሬ ያነበብሽውን ንገሪኝ፤ ከዚያስ? ለምን እንዲያ አደረገ?» የምትል እናት ፊደል ባትቆጥርም ይህን ሥራ ትሠራለች። ማታ ተረት የሚያወሩ አያትም ነገ «አንተ ደግሞ መልሰህ ንገረኝ» ቢሉት ልጁ ነገርን በቅደም ተከተል መናገርን ይማራል። ከዚያ ተረቱን ደብተሩ ላይ ይጻፈው፤ የተዘነጋው አጻጻፍ እዚያው ይታደሳል።

ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆችም ይኸው ይሠራል። ቤት ውስጥ አማርኛ መናገር ልጁን በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ወደ ኋላ ያስቀረዋል የሚለው ስጋት በጥናት አልተደገፈም። ሁለት ቋንቋ እየሰማ የሚያድግ ልጅ ቃላት ቢያቀላቅል ጤናማ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለአያቱ እየደወለ ስለ ውሎው በአማርኛ እንዲያወራ ማድረግ ጥሩ ጅምር ነው።

ስለ ስልክና ቴሌቪዥን ብዙ አልልም። ሙሉ ቀን የሚውሉበት ከሆነ እንቅልፍንና ጨዋታን ይሻማሉ፤ ሰዓታቸው ይወሰን።

ለወላጆች አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ካርድ ልትቀበሉ ስትሄዱ ደረጃውን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። መምህሩን «ልጄ በክረምት ምን አንድ ነገር ቢለማመድ ይጠቅመዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ማታ ደግሞ ልጁን ራሱን «አንተስ በዚህ ክረምት ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?» በሉት። ሁለቱን መልሶች ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ማጠናከሪያ መመዝገብ አለመመዝገቡን ከዚያ በኋላ ወስኑ።