ወደ ብርድ አገር የሚሄድ ተመራማሪ ምን ይዘጋጃል?

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ከዓለም ሁሉ በጣም ስለሚበርደው ስለ አንታርክቲካ ነው። እዚያ እንደኛ የሚኖር ሕዝብ የለም፤ ያሉት የምርምር ጣቢያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 ቮስቶክ በሚባለው ጣቢያ ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተለክቷል። ታዲያ ሰው እዚያ ለመሄድ ምን ያዘጋጃል?

አንደኛ፣ ጤናውን ይመረመራል። ጥርሱ እንኳን ሳይቀር ይታያል። ለምን መሰላችሁ? ደቡብ ዋልታ ላይ ወዳለው የአሜሪካ ጣቢያ ከየካቲት እስከ ጥቅምት መደበኛ በረራ የለም። ቢያመው «መቱ ሆስፒታል እሄዳለሁ» እንደምንለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊዮኒድ ሮጎዞቭ የሚባል የሶቭየት ሐኪም በጣቢያው ውስጥ ትርፍ አንጀቱ ታመመ። ሌላ ሐኪም ስላልነበረ በራሱ እጅ ራሱን ቀደደና አወጣው። ጓደኞቹ መስታወት ያዙለት፣ ዕቃ አቀበሉት። ዳነም!

ሁለተኛ፣ ልብስ ነው። አንድ ወፍራም ልብስ ብቻ አይበቃም፤ ይደራረባል። በልብሶቹ መካከል የሚቀረው አየር የሰውነትን ሙቀት ይይዛል። ሲሠሩ ላብ እንዳይመጣ ደግሞ አንዱን ያወልቃሉ፤ የረጠበ ልብስ ቶሎ ያቀዘቅዛል።

ሦስተኛ፣ ስንቅና ትዕግሥት ነው። እኛ ጋ ዝናቡ ሳይከብድ እህልና ማገዶ እንደሚሰበሰበው፣ እዚያም ምግቡና ነዳጁ ቀድሞ ይገባል። ደቡብ ዋልታ ላይ ስድስት ወር ያህል ፀሐይ አትታይም። ስለዚህ ሰውየው ከጥቂት ሰዎች ጋር ሳይጣላ መኖር መቻል አለበት። ዕቃ ማጠብና ቤት መጥረግም የሁሉም ተራ ነው፤ ተመራማሪ ነኝ ብሎ መቅረት የለም።

አራተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ይኸውም ቦታውን ከራስ መጠበቅ ነው። የሌላ አገር ዘር ይዘው እንዳይገቡ ጫማና ቦርሳ ይጸዳል። ድሮ ውሾች በበረዶ ላይ ጋሪ ይጎትቱ ነበር። ለባሕር እንስሳት በሽታ እንዳያስተላልፉ ተፈርቶ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ውሻ ማስገባት ተከልክሏል።

በክፍላችን «ከዳሪሙ ተነስቶ እዚያ ማን ይደርሳል?» የሚሉ ልጆች አሉ። እኔ ግን በአገራችንም ብርድ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አሉ እላለሁ። ባሌ ተራሮች ውስጥ ያለው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ አየሩም ስስ ስለሆነ አዲስ ሰው ራሱን ያመዋል። ተመራማሪዎቹ በእግርና በፈረስ እየሄዱ ቀይ ቀበሮን ይከታተላሉ። በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ የምንለው ማለት ነው። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፤ ያደጉት ሁሉ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙዎቹን ገደለ። በሽታው የመጣው ከሰው ውሻ ነው። ስለዚህ ሠራተኞቹ ቀበሮ ከመቁጠር ሌላ በየመንደሩ ውሾችን ያስከትባሉ።

ወደ አንታርክቲካ የሚሄደው ሳይንቲስት ብቻ አይደለም። ምግብ አብሳይ፣ መካኒክ፣ አናጢ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛና ሐኪም ባይኖሩ ጣቢያው አንድ ሳምንት አይቆምም። ስለዚህ ሒሳብ የሚከብደውም ልጅ ተስፋ አይቁረጥ። እኔ መጀመሪያ ሳነቴን ማየት እፈልጋለሁ፤ ዋልታው ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

እስከዚያው ሁላችንም ከአሁኑ የምንችለው ዝግጅት አለ። ቤታችሁ ውሻ ካለ የእብድ ውሻ ክትባት መከተቡን ዛሬ ማታ ቤተሰባችሁን ጠይቁ። ካልተከተበ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አነጋግሩ። በሽታው ቀበሮን ብቻ ሳይሆን እኛንም ይገድላል።