ከሲቀላ ገበያ እስከ ሙዝ ማሳው፦ ቆሻሻን ማዳበሪያ ለማድረግ ምን ጎደለ?

ከአርባ ምንጭ ተነስቶ በጫኖና በላንቴ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ዳር የተቆረጠ ሙዝ ተከምሮ መኪና ሲጠብቅ ማየት የዘወትር ነገር ነው። ሙዙ ተጭኖ አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ይገባል። ከሙዙ ጋር ግን ዓይን የማያየው ሌላ ጭነትም አብሮ ይወጣል። ሙዝ ከአፈር በብዛት ከሚስባቸው ንጥረ ነገሮች ዋነኛው ፖታሲየም ነው። ዘለላው በተቆረጠ ቁጥር ከዚህ ንጥረ ነገር የተወሰነው ከማሳው ወጥቶ አይመለስም። ለዓመታት ሳይተካ ከቀጠለ አፈሩ ይደክማል፤ ዘለላውም እያነሰ ይሄዳል።

በአንጻሩ ገበያ ሲበተን በሲቀላ መሬት ላይ የሚቀረውን መመልከት ነው። የሙዝ ልጣጭ፣ የተበላሸ ማንጎ፣ የጎመን ቅጠል፣ የጫት ገረባ፣ በላዩም ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ። በሀገራችን ከተሞች ከሚወጣው ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው። ይህ ማለት አፈሩ ካጣው ነገር የተወሰነው በከተማዋ ቆሻሻ ውስጥ ተቀላቅሎ ተቀምጧል ማለት ነው። በገበያውና በማሳው መካከል ያለው ርቀት ሩቅ አይደለም። ሆኖም የከተማ ቆሻሻ በራሱ ጊዜ ማሳ አይደርስም፤ የሚያደርሰው ውሳኔ ይፈልጋል።

የከተማ ምክር ቤት የቆሻሻ ማስወገጃ ቦታ ጉዳይ ሲቀርብለት ብዙውን ጊዜ የሚታየው እንደ ጽዳት ጉዳይ ነው። ቦታው የት ይሁን? መኪናው በቀን ስንት ጊዜ ይመላለስ? የሚሉት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። ለሥራ ዕድል ፈጠራ ማኅበራት የሚሰጠው መሬት፣ የመሥሪያ ቦታና ብድር ደግሞ በሌላ ቀን፣ በሌላ አጀንዳ ይታያል። ሁለቱ ተለያይተው ሲወሰኑ የሚጎዳው ከከተማዋ አልፎ በዙሪያዋ ያለው አርሶ አደር ነው።

አርባ ምንጭ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። ከ1999 እስከ 2002 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በተካሄደው ሮዛ በተሰኘው ፕሮጀክት ከኬንያዋ ናኩሩ፣ ከኡጋንዳዋ ኪትጉምና ከታንዛኒያዋ አሩሻ ጋር ከተመረጡት አራት ከተሞች አንዷ ነበረች። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና የከተማዋ ውኃ አገልግሎት የተሳተፉበት ይህ ሥራ ቆሻሻን እንደ ሀብት የሚያይ ነበር። ሽንትንና ዓይነ ምድርን የሚለዩ መጸዳጃ ቤቶች ተሠሩ፤ የእጣቢ ውኃ አትክልት እንዲያበቅል ተሞከረ። «ውበት ለአርባ ምንጭ» የተሰኘው ማኅበር ከቤት ወደ ቤት ቆሻሻ ሲሰበስብ፣ «እኛን ነው ማየት» የተሰኘው የወጣቶች ማኅበር ደግሞ ኮምፖስት ወደ ማምረት ገባ። የከተማ ቆሻሻ ማዳበሪያ መሆን እንደሚችል በዚህችው ከተማ በተግባር ታይቷል ማለት ነው።

ታዲያ አስቸጋሪው ነገር ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ቀላል ስሌት ይበቃል። ዩሪያ ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ጥሩ ኮምፖስት ግን ከ1 በመቶ ብዙም አይርቅም። በመሆኑም 2 ኩንታል ዩሪያ የሚይዘውን ናይትሮጅን ለማግኘት 100 ኩንታል ገደማ ኮምፖስት ያስፈልጋል፤ ያም ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት ለተክሉ የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ነው። በእርግጥ ኮምፖስት ዩሪያ የሌለውን ይሰጣል። ፖታሲየምና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ይጨምራል፣ አፈሩን ያለሰልሳል፣ እርጥበት ያቆያል። ጥቅሙም ለተከታዮቹ ዓመታት ይሻገራል። ነገር ግን 2 ኩንታል በአንድ የአህያ ጋሪ ይጫናል፤ 100 ኩንታል ግን የጭነት መኪና ይፈልጋል። ኮምፖስት የሚያመርቱ ማኅበራትን የሚፈትነው አንዱ ይኸው የመጓጓዣ ዋጋ ነው።

ስለዚህ የማምረቻው ቦታ ጉዳይ የዋጋ ጉዳይ ነው። የሚበሰብሰው ቆሻሻ ከከተማዋ በአንድ በኩል ተወስዶ ከተጣለና የሙዝ ማሳው በሌላ በኩል ከሆነ፣ ኮምፖስቱ ገና ሳይሸጥ ኪሳራ ይጀምራል። በአንጻሩ የማምረቻው ቦታ በሰሜን ወደ ጫኖና ላንቴ፣ ወይም በደቡብ ወደ ሼሌና ሲሌ በሚወስዱት መንገዶች አቅራቢያ ቢሆን መኪናው አንድ ጊዜ ተጉዞ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ከተማዋን ያጸዳል፣ ለአርሶ አደሩም ጥሬ ዕቃውን ያቀርባል።

ቦታ ሲመረጥ ሌላም የሚታሰብ አለ። የኩልፎ ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ከተማዋን በስሟ ያስጠሯት ምንጮችም ከገደሉ ሥር ይፈልቃሉ። ከቆሻሻ ክምር የሚንጠባጠብ ፍሳሽ ወደነዚህ ከገባ ጉዳቱ ለጠጪውም፣ ለዓሣ አስጋሪውም፣ በመስኖ ለሚያለማውም ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱ የኅብረተሰቡን አስተያየት እንዲያካትት የሚያስገድደው ያለ ምክንያት አይደለም።

የአጎራባች አርሶ አደርን ይሁንታ ሳያገኙ ቦታ መወሰን ምን እንደሚያስከትል ሀገራችን አይታለች። ለአዲስ አበባ ቆሻሻ ተብሎ ሰንዳፋ አካባቢ የተገነባው ዘመናዊ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው አርሶ አደሮች በሽታው፣ በውኃቸውና በከብቶቻቸው ላይ ደረሰ ባሉት ጉዳት እንዲሁም በካሳው ላይ ቅሬታ በማንሳታቸው በዚያው ዓመት ቆመ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ቆሻሻውን ለሚቀበለው አርሶ አደር ሸክሙ ብቻ ከተሰጠው፣ ጥቅሙን ካላየ፣ በብዙ ገንዘብ የተገነባውም ቦታ አይጸናም።

የጋሞ ሕዝብ ለዚህ የራሱ ሥርዓት አለው። በዱቡሻ የጋራ ጉዳይ የሚመከረው ተቀራርቦ ስምምነት እስኪደረስ ድረስ ነው። የማስወገጃ ቦታ ካርታው ከተነሳ በኋላ ሳይሆን ከመነሳቱ በፊት ለዱቡሻ ቢቀርብ፣ አጎራባች ቀበሌዎች የሚያነሱት ጥያቄም የሚሹት ጥቅምም አስቀድሞ ይታወቃል።

ማበረታቻውስ ምን ሊሆን ይችላል? መሬትና ሼድ መስጠት የተለመደ ነው። የኮምፖስት ሥራ ግን ከዚህ ሌላ ሦስት ነገሮችን ይሻል። አንደኛው የታወቀ ገዢ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ቢሾፍቱ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና መቀሌ በተካተቱበት የኮምፖስት ፕሮጀክት ምርቱ ከከተማ አረንጓዴ ልማት ጋር እንዲተሳሰር ታቅዶ ነበር። የአርባ ምንጭ ከተማም ለችግኝ ጣቢያዎቿና ለመናፈሻዎቿ የመጀመሪያዋ ገዢ ብትሆን ማኅበራቱ አርሶ አደሩ እስኪለምድ ድረስ መቆሚያ ያገኛሉ።

ሁለተኛው የመጓጓዣ ድጎማ ነው። ማኅበሩ ኮምፖስት ያደረገው እያንዳንዱ ኩንታል ወደ ማስወገጃው ከመሄድ የዳነ ኩንታል ነው። ከተማዋ ለማጓጓዝና ለመቅበር ታወጣ የነበረውን ከፊሉን ለማኅበሩ ብትከፍል ያተረፈችውን ተካፈለች እንጂ አልከሰረችም። 117 ከተሞችን ያቀፈው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ማስፋፊያ ፕሮግራም ለከተሞች ድጋፍ የሰጠው በአፈጻጸማቸው ልክ ነበር። ከተማዋም ማኅበራቱን በዚሁ መንገድ፣ በሠሩት ልክ ልታበረታታ ትችላለች።

ሦስተኛው አመኔታ ነው። አርሶ አደሩ መስታወት፣ የባትሪ ድንጋይና ፌስታል የተቀላቀለበትን ኮምፖስት አይገዛም፤ ሊገዛም አይገባም። መለየቱ ከጓዳ መጀመር አለበት። በጋሞ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ሙዝንም ያጠቃል፤ ተዋህሲያኑ በታመመ ተክል ቅሪትና በመቁረጫ መሣሪያ ይተላለፋል። ስለዚህ ከታመመ ማሳ የወጣ ግንድና ቅጠል ወደ ኮምፖስት ክምር መግባት የለበትም። ለሌላውም ክምሩ በውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሞቅ፣ በየጊዜው እንዲገላበጥና እስኪበስል ሦስት ወር ገደማ እንዲቆይ ያስፈልጋል። በእጅ ሲጨበጥ እርጥበቱ የሚሰማ፣ ውኃ ግን የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። ይህን የሚከታተል የግብርና ባለሙያ መመደብና ምርቱን በየአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ በሙዝ ማሳ ላይ ማሳየት ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ቆሻሻ ጉዳት እንዳያደርስ ከመከላከል ጎን ለጎን ኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ ጥቅም የሚሰጥ ሀብት እንዲሆን ያልም ነበር። ለጋሞ ደጋ ገበሬ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። በጨንቻና በዶርዜ የእንሰት ጓሮ ለትውልድ የቆየው የቤቱ ፍግና ጥራጊ በየዕለቱ ወደ ጓሮው ስለሚመለስ ነው። ቤቱ የበላውን ለአፈሩ ይመልሳል። ከተማ ግን ጓሮዋ ሩቅ ነው፤ የአርባ ምንጭ ጓሮ ጫኖ፣ ላንቴና ሼሌ ነው። ስለ ማስወገጃው ቦታና ስለ ማበረታቻው የሚወስኑ የምክር ቤት አባላት ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቱንና የአጎራባች ቀበሌ አርሶ አደሮችን አስቀምጠው ቢመክሩ፣ መኪናው ይዞት የሚወጣው የሙዙ ማሳ ለምነት ቢያንስ በከፊል መመለሻ መንገድ ያገኛል።