የረጋ ትከሻና መድኃኒቱ

ነጠላን ማጣፋት፥ ጠጉርን ማበጠር እስኪያቅት ድረስ ትከሻን የሚያደርቅ ሕመም አለ። የቦስተኑ ሐኪም ኤርነስት ኮድማን በ1934 እ.ኤ.አ. «የረጋ ትከሻ» ብሎ ሰይሞታል። በብዛት የሚያገኘው ከ40 እስከ 60 ዓመት ያሉትን፥ ይልቁንም ሴቶችንና የስኳር በሽተኞችን ነው። መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ከረጢት ተቆጥቶ ይወፍራል፤ ይኮማተራልም።

ክንድን አስሮ ማኖር ድርቀቱን ያብሳል፤ በኃይል ማስጐተትም ሕመሙን ያስቆጣል። የሚበጀው ልከኛ እንቅስቃሴ ነው። በሽተኛው በደኅናው እጁ ጠረጴዛ ተደግፎ ጐንበስ ይበል፤ የታመመውንም ክንድ ልል አድርጎ እንደ ጽና በቀስታ ያወዛውዝ። ሕመሙ ሲበረታ ያቁም፤ ዕለት ዕለት መሥራቱን ግን አይተው።

አስቀድሞ ሐኪም ይመርምረው፤ የደሙም ስኳር ይለካ። ፈውሱ ከ1 እስከ 3 ዓመት ሊፈጅ ይችላልና፥ ቤተ ሰቡ በሥራ ይርዳው፤ በትዕግሥትም ያበርታው።